ጠፍ መሬት የተባለው ጓሮ

የክረምቱ የወጣቶች ካምፕ የእናቴን የእንሰት ጓሮ አስከፍሎኛል፤ በላዩ ላይ የእሷን አመኔታ ጨምሬ ከፍያለሁ።

ነገሩን የጀመርኩት ራሴ ነኝ። ጉኑኖ አካባቢ ያለችው የእናቴ ቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ትምህርት ሲዘጋ ወጣቶች የሚሰፍሩበት ሜዳ ፈለጉ። በዚያ ሰፈር ሜዳ የሚባለው የእናቴ ጓሮ ብቻ ነው፤ ሌላው ቁልቁለት ነው። እኔ ደግሞ ሶዶ ገበያ ሸራና ገመድ እሸጣለሁ። የድንኳኑን ሸራ በሙሉ ከእኔ ሊገዙ ተስማማንና እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ለአንድ ክረምት ነው እማዬ። እንሰቱን መልሰን እንተክለዋለን።"

"አንተ እንሰት ተክለህ ታውቃለህ?"

"ሸራ ነው የምሸጠው።"

"ይኸው!"

ለእንሰቱ ስንት ዓመት ፍግ እንደተሸከመችለት የምታውቀው እሷ ናት። በመጨረሻ፣ "ለእነሱ አይደለም የምሰጠው፤ ለአንተ ነው" አለች። የደረሰውን እንሰት ለቆጮ ፋቀችው። ያልደረሰውን የካምፑ ልጆች ነቅለው አጥሩ ሥር ከመሩት።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ሜዳው አንዴ ሜዳ ሆኗልና ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው የመረብ ኳስ ምሰሶ ተከሉ። ከዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ ሠሩ። አዳራሽ ያለው ሰው ሸራ አይገዛም፤ ይህችን ሳላሰላ ነው እንግዲህ ነጋዴ የምባለው።

አምና የካምፑን ምሥረታ አከበሩ። ወላይትኛ የማይሰሙ እንግዶች ስለነበሩ ታሪኩ የተነበበው በአማርኛ ነው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይህ ስፍራ ቀድሞ እሾህ የወረሰው ጠፍ መሬት ነበር" አለ። ወጣቶቹ "አሜን!" ብለው አዳራሹን አናጉት።

"ምን አለ?" አለችኝ እናቴ በወላይትኛ።

"ጓሮሽን ስለሰጠሽ አመሰገነሽ።"

ወደ እኔ ዞራ በራሷ አማርኛ፣ "ሶዶ ገበያ ያን ሁሉ ዘመን ቅቤ የሸጥኩት በምን አፍ ይመስልሃል?" አለችኝ። "እሱስ የጻፉለትን ነው ያነበበው። አንተ ግን እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው ያደግከው።"

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እኔ ምሳው እስኪቀርብ ተቀመጥኩ።

ካምፑ በየክረምቱ ይካሄዳል። እንሰት የለም። ሸራ የሚገዛኝም የለም። እናቴ ቆጮ የምታስመጣው ጎረቤት ልካ ከገበያ ነው፤ እኔ የገዛሁላትን አትበላም።