ኑግ የገባበት መድኃኒት

መካነ ሰላም እንደገባሁ የሰማሁት ወሬ አናደደኝ። ያሳደጉኝ አክስቴ በዚህ ሁዳዴ ከቆሎና ከውሃ በቀር ምንም ላይቀምሱ ተስለዋል። ከቫይረሱ ጋር መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የሚውጡት ክኒን ደግሞ ቅባት ካላገኘ ከሆድ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። የጤና ጣቢያው ነርስ ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲወስዱት ደጋግማ ነግራቸዋለች። ባለፈው ምርመራ ተኝቶ የከረመው ቫይረስ ቀና ማለት ጀምሯል። "እንዲህ ከቀጠለ መድኃኒቱን ይለምደዋል" አለችኝ ለብቻዬ ጠርታ።

አክስቴን ማን ችሏቸው። ብለምን ባስለምን ወይ ፍንክች። ስለት ስለት ነው ብለው ዘጉኝ።

ቢቸግረኝ የራሴን ሥራ አወራኋቸው። አዲስ አበባ ባለው ላቦራቶሪያችን ውሃ የማያሟሟውን እንዲህ ያለ መድኃኒት በስብ እንጠቀልለዋለን። ስቡን እናቀልጣለን፣ መድኃኒቱን እናሟሟበታለን፣ ከሙቅ ውሃ ጋር በማሽን እየመታን በዓይን ወደማይታይ፣ ናኖ ወደሚባል ቅንጣት እንበትነዋለን። ሆድ ስቡን ሲቀበል መድኃኒቱም አብሮ ይገባል።

"ይሄ ሲደርስ ቅባቱን ራሱ ይዞት ይመጣል፤ ቆሎም ቢበሉ ግድ የለም" አልኳቸው እየተቁነጠነጥኩ።

"ስቡ የምንድን ነው?"

"የበሬ ሞራ።"

"በሁዳዴ ሞራ ልታበዪኝ ነው?"

ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤታቸው ሳቁ። "አብሽሪ፣ የአሳማ አለመሆኑም አልሐምዱሊላህ ነው" አሉኝ።

አዲስ አበባ የተመለስኩት በግኜ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ግን ኑግ ፍለጋ አስወጣኝ። ሞራውን ትቼ ከፊሉን ከተክል በወጣ ጠጣር ስብ፣ ከፊሉን በኑግ ዘይት ተካሁት። እስከዚያ ድረስ የሠራነው ሁሉ አንድ ክፉ ዓመል ነበረው፤ ሲቀዘቅዝ ስቡ ይጠጥርና መድኃኒቱን ይተፋዋል። ጠዋት ስንገባ ከጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ተኝቶ እናገኘዋለን።

የኑጉን ጠርሙስ በማግስቱ መስኮት ጋ ወስጄ አዘነበልኩት። ሥሩ ንጹሕ ነው። ዓይኔን ስላላመንኩት ሰንበት ብዬ ደግሞ አየሁት፤ ያው ንጹሕ ነው። ዘይቱ ስቡን ግጥም ብሎ እንዳይጠጥር አድርጎት መድኃኒቱ መቀመጫ አግኝቷል። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ለአክስቴ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ ያዘ! በኑግ ያዘ!"

"ተመስገን። መቼ ይደርስልኛል?"

ደስታዬ ላይ ውሃ ተቸለሰበት። መዋሸት አልሆነልኝም። "ገና ነው እቴቴ። በእንስሳ ይሞከራል፣ ከዚያ በሰው። ዓመታት ይፈጃል።"

አክስቴ ጥያቄያቸውን አልጨረሱም።

"ያንቺ መድኃኒት ኑግ ሲገባበት ምግብ ይሆናል?"

"ኧረ መድኃኒት ነው።"

"እንግዲያው የእኔም ኑግ መድኃኒት ነው፤ ስለቴን አያፈርስም። ከወግዲ የመጣልኝ አለ። ያንቺን ሳልውጥ እንዴት እሞታለሁ?"

ስልኩን ሳይዘጉት አስቀመጡት። ክኒናቸውን የሚውጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ፣ ከወዲያ በኩል ሙቀጫው ኑግ ሲወቅጥ አዳመጥኩ።