አልለይ ያሉት ሁለት መስመሮች

ደክሞኛል። ይህን ስጽፍም ደክሞኛል፤ የዚያን ቀን ድካም ግን ሌላ ነበር። አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ቢሮአችን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው አየሁ። መለያየት ነበረባቸው። የዶክትሬት ሥራዬ በሙሉ የቆመው በእነሱ መለያየት ላይ ነው።

ነገሩን ለእናቴ ያስረዳኋት በጫማ ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር ጫማ የሚሸጡት ሌባ ስለሚፈሩ ከየጥንዱ አንድ እግር ብቻ ይደረድራሉ። አንዳንድ ሞለኪውሎችም እንደ ጫማ ቀኝና ግራ አላቸው አልኳት፤ የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እየተሽከረከረ የሚሄድ፣ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ እጅግ የሚያጥር የሌዘር ብልጭታ ሲመታቸው ኤሌክትሮን ይተፋሉ። ከቀኙ ወደ ፊት የሚወጣው ከበዛ፣ ከግራው ወደ ኋላ የሚወጣው መብዛት አለበት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናትና ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ውዬ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀኝና ግራው ተለያየ ወይ? ስኳር ዓይኗን እያደከመው ነው። የቀረው ምን ያህል እንደሚቆይላት ሐኪሙም አልነገረን። እሷ የምትለምነው ምርቃቴን በዓይኗ ማየት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሌዘር እዚህ የለንም። ልኬቱን የሠራሁት ውጭ አገር፣ ተራ ተጠብቆ በሚገባበት ላቦራቶሪ ነው፤ ይዤ የተመለስኩት ቁጥሩን ብቻ ነው። የቀኙና የግራው መስመሮች ካልተለያዩ፣ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ ወገን ያጋደለው ሞለኪውሉ ሳይሆን መሣሪያው ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ አልኩ።

የታክሲ ሰልፍ የምቆምበት አቅም ስላልነበረኝ በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። የእናቴን የዓይን ጠብታ ገዛሁ፤ አንድ ካፌ ገብቼ ባንኮኒው ጥግ ማኪያቶ አዘዝኩና አብሮኝ ለለካው የውጭ ባልደረባዬ ደወልኩ። ተነጫነጭኩበት። የልኬቱን የመጨረሻ ቀን አንድ በአንድ ንገረኝ አልኩት። ለካ እኔ የግራውን ጠርሙስ አውጥቼ የቀኙን ሳስገባ፣ እሱ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የብርሃኑን መሽከርከሪያ አቅጣጫም ገልብጦት ኖሯል። የነገረኝ መስሎት ነበር። የብርሃኑ መሽከርከር ብቻውን ሲገለበጥም ፊትና ኋላው ይገለበጣል፤ ሁለቱም ከተገለበጡ ደግሞ ውጤቱ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይሆናል። መስመሮቹ መነባበራቸው ልክ ነበር ማለት ነው።

ሰው እያየኝ እንባዬ መጣ። ማኪያቶው ሳልነካው በረደ። ወዲያው ለአማካሪዬ ደወልኩላቸው። ሰሙኝና፣ «እኔ አምንሻለሁ ልጄ፤ ፈታኞቹ ግን ባልተመዘገበ ትዝታ አያሳልፉሽም። እንደገና ይለካ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ተራ የሚደርሰን ገና በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ወደ ኮቴዬ ዞረች።

«ተለያየልሽ?»

«አዎ እማዬ፣ ተለያየ።»

«ጌታ ይመስገን። ታዲያ ምርቃቱ መቼ ሆነ?»

ዘንድሮ እንደማይሆን ነገርኳት። ጠብታውን ተቀብላኝ ክዳኑን በጣቷ ስትፈልግ ቆየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ስትመረቂ በጥቁሩ ጋዋን ላይ ቀይ ሻርፕ ጣል አድርጊበት» አለችኝ። «ቀይ እስካሁን ይታየኛል።»