በቅላቱ የመረጥኩት ጋን

"ምነው፣ በዓይንሽ ብቻ ትገዣለሽ?" አለችኝ አክስቴ ዛሬ፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሀል።

ለማኅበሯ ጠላ የመረጥኩላት ጋን ቅላቱ ሸጋ ነበር። እሷ አንኳኩታ አደመጠችና "ውስጡ ተሰንጥቋል" አለች። መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነው ሌላው ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። እሱን ገዛን።

እኔ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እማራለሁ። ጥናቴ በቀያይ ግዙፍ ኮከቦች ላይ ነው። ከውጭ መንታ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው መለያየቱን የምናውቀው በንዝረታቸው ነው።

ይህን ሁለት ዓመት ሳሰላ ከርሜ ጋን በቅላቱ መረጥኩ! (አማካሪዬ ይህን ባያነብ ደስ ይለኛል።)

መኪና ውስጥ ስነግራት "ኮከቡን ማን ያንኳኳዋል?" አለች።

"ማንም። ውስጡ ሲፈላ ራሱ ይንቀጠቀጣል።"

"ታዲያ ያንቺ ድርሻ መስማት ብቻ ነበር። እሱንም ረሳሽው?"

እናንተስ፣ የገዛ ሙያችሁን ሌላ ሰው ያስተማራችሁ ቀን አለ?