ብረት የነካው እጅ

«ዘበኛ ነኝ ትላለህ፤ ከዚያ ወዲያ አፍህን አትከፍትም» አሉ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ፣ የዱላቸውን ጫፍ መደቡ ላይ እየመቱ።

እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ዘበኛ እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። ቆላ ወርጄ ፋብሪካ መግባቴን አገር ያውቃል፤ ምን እንደምሠራ ግን ከቤታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ለጠየቃቸው ሁሉ «በር ይጠብቃል» እያሉ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ዛሬ እህቴን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች ቅዳሴ እንዳለቀ ይመጣሉ፤ እኔም ለዚሁ ተጠርቼ ከሥራ መጥቻለሁ።

«ሁሉን የሚሠራው ማሽን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «መዶሻ የለ፣ ወናፍ የለ።»

«ማሽንም ይንፋው ወናፍ፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ስሙ ቀጥቃጭ ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁትም።»

እውነታቸውን ነው፤ አላወጡትም። መንዝ ውስጥ ቀጥቃጭ ሳይስልለት የሚያርስ የለም፤ ከቀጥቃጭ ጋር የሚበላም የለም። ዓይኑ ይፈራል፤ ልጁ አይታጭም። ከወንዙ ማዶ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። አባቴ ማረሻቸውን ሲያስሉ የዋጋውን ገብስ እደጁ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠውለት ይመለሱ ነበር፤ ከእጃቸው ወደ እጁ ሲሰጡት አይቼ አላውቅም። ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ይኼኔ እህቴ ከጓዳ ወጣች። በአንድ ዓመት ትከተለኛለች። እናታችን ያረፈች ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔ አሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ደብተር ሙሉ ግጥም ይዤ ስዞር፣ እሷ ከበጎቹና ከኩበቱ ጋር ቀረች። አሁን የጠየቃት ሰው መሐል ሜዳ የሚያስተምር ነው፤ ከተጋቡ በኋላ ትምህርቷን እንደምትቀጥል ቃል ሰጥቷታል። ወዳዋለች። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት» አለችኝ። «ለዛሬ ብቻ ዋሽልኝ።»

እሺ አልኳት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እሺ ብያት ነበር።

አባቴ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንድደብቅ አዘዙኝና ደጅ ወጥተው ቆሙ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው፣ እንደ ወጉ አጥንታችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ንጹሕ ሆኖ አግኝተውታል። በሦስተኛው ምልልስ እህል ይቀመሳል፤ እህል ከተቀመሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለ ገብሱ አዝመራ ተወራ። ስለ ውርጩ ተወራ። አንደኛው ዘበኛ መሆኔን ሰምተው ጠመንጃ ይሰጡን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ዱላ ብቻ ነው አልኳቸው፤ ሳቁ። ውሸቱ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ገበታው ቀረበ። የታጨች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ሌላ ሴት በቤቱ የለችም። የእጅ ውሃ ማስታጠብ በእኔ ላይ ወደቀ። ይህን እኔም አባቴም አላሰብነውም። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አጣፍቼ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አነሣሁና በዕድሜ ከሚበልጡት ሽማግሌ ፊት ጎንበስ አልኩ።

ውሃው እየወረደ እሳቸው የሚያዩት የራሳቸውን እጅ አልነበረም። የብረት ፍንጣሪ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። እጄ ከጣቴ እስከ ክንዴ ያው ነጥብ ተዘርቶበታል። እንዲህ ያለ እጅ በእኛ አገር የአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው?» አሉ። አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዘበኛ ብርድ ይበዛበታል። እሳት ስትሞቅ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

የማመልጥበትን መንገድ እሳቸው ራሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

አዎ ልል አፌን ስከፍት ፋብሪካ አብሮኝ የነበረው የራቤሉ ልጅ ትዝ አለኝ። አብረን አንድ ፈረቃ ነበርን። እሱም ለቤተሰቡ ዘበኛ ነኝ ያለው እኔ ባልኩበት ምክንያት ነው። አንድ ጧት የቀለጠው ብረት ከማሽኑ ማውጫ ሥር ፈነዳና ከታች ቆሞ ያገኘው እሱን ነበር። ሬሳውን ራቤል ድረስ ካደረስነው መሐል ነኝ። ከቀብር በኋላ አባቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ለብቻዬ ያዙኝና «ልጄ እኮ በር ነበር የሚጠብቀው። በር እንዴት ያቃጥላል?» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። አደጋ ነው አልኩና አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ስለዚህ ሽማግሌውን አዎ አላልኳቸውም። ብረት ማቅለጫ ቤት ነው የምሠራው አልኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ግን አላቆምኩም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ብረቱ ከትልቅ ባልዲ እንደ ውሃ እንዴት እንደሚወርድ ነገርኳቸው። ክዳንም ወለልም በሌለው ጠባብ የመዳብ ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ፣ በሣጥኑ ግድግዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲሮጥ፣ ከታች ሲወጣ ላዩ ስልባቦት እንደያዘ ወተት ስስ ቆዳ ለብሶ ሆዱ ገና ፈሳሽ መሆኑን። ያቺ ቆዳ ስትቀደድ ሰው እንደምትበላ። ካልተቀደደች ግን ብረቱ ሳይቋረጥ እየተሳበ፣ ሳይቀዘቅዝ በሚሽከረከሩ ከባድ በርሜሎች መሐል እየተጨመቀ፣ እየሳሳ፣ በሳሳ ቁጥር እየፈጠነ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ቀይ መቀነት እንደሚጠቀለል። የራቤሉንም ልጅ ነገርኳቸው፤ አባቱ የጠየቁኝንም፣ እኔ ዝም ማለቴንም። በመጨረሻ ወደ ጣሪያው አመለከትኩና ይህ ከላያችን ያለው ቆርቆሮ የዚያ መቀነት ልጅ ነው አልኳቸው።

ሦስቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ንፋሱ አንዱን ጠርዝ ያንኳኳው ነበር።

አባቴ ቀድመው ተናገሩ። ግጥም ይጽፋል፣ አሉ፤ ያላየውን ያየ እያስመሰለ ያወራል፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው።

«ግጥም እጅ አያቃጥልም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። እርጥብ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቀስ ብለው አደራረቁ። ወደ እኔ ዞረው፣ ያለ ቁጣ፣ «እውነቱን ስለነገርከን እግዜር ይስጥልን። ቆርቆሮውንም እንገዛለን፣ ማረሻውንም እንገዛለን። ልጅ ግን አንሰጥም፣ አንወስድም» አሉ። ተነሡ። ሌሎቹ ሁለቱም ተነሡ። አባቴ ነጠላ ጫማቸውን ሳይጫሙ እስከ አጥሩ ተከተሏቸው፤ የሚሉትን አልሰማሁም፤ ጀርባቸው ግን ጎንበስ ቀና ሲል ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የተናገርኩት ለሟቹ ብዬ ብቻ ቢሆን ንግግሬ አጭር ይሆን ነበር። መቀነቱን ማን ጠየቀኝ? ስልባቦቱን ማን ጠየቀኝ? ቃሎቹ አፌ ውስጥ ሲጣፍጡኝ ትዝ ይለኛል። እንዲህ አሳምሬ ከነገርኳቸው የሚገባቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ባሳመርኩት መጠን የበለጠ ቀጥቃጭ ሆኜ ታየኋቸው።

እህቴ ከጓዳ ስትወጣ ገበታው እንደቀረበ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። አላለቀሰችም። እንጀራውን አጥፋ ሞሰቡን ከደነች። ሳፋውን ከእጄ ተቀበለች፤ ውስጡ ያለው የአንድ ሰው እጅ የታጠበበት ውሃ ብቻ ነበር።

«ለሟቹ ልጅ አባት ዝም አልካቸው» አለችኝ፣ ወደ ውሃው እያየች። «እኔ ላይ ስትደርስ ተናገርክ።»



ሳፋውን ይዛ ወጣች። በሩ፣ የእንጨቱ ሲበሰብስ ባለፈው ዓመት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ያመጣሁት የላሜራ በር ነበር። በክርኗ ሳበችው። ተዘጋ፤ ስስ ስለሆነም ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።