በሮቢ ወርካ ስር ከብስክሌት የወረድን ዕለት

ታርጋው ከመዳፌ የማይበልጥ ቆርቆሮ ነበር። በጣሊያን ዘመን እኛ ሮቢ በምንላት በሸዋ ሮቢት የአገሬው ሰው ብስክሌት ታርጋ ከሌለው ይወረሳል። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የማገኘው የአንድ የመናዊ ባለሱቅ ስኳርና ላምባ በብስክሌት ጭኜ ወደ ቀወት መንደሮች በማድረስ ነበር። ስለዚህ ያ ቆርቆሮ ያስፈልገኝ ነበር።

የሚገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ጣሊያኖቹ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሮቢ የሚያበቃ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጁ። ውድድር አይደለም፣ የእሑድ ሽርሽር ነው ተባለ። ነጮቹ ከፊት ይነዳሉ፤ ጥቂት የአገሬው ሰዎች ከኋላ ይከተላሉ፤ ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን መቅደም አይችልም። መጨረሻው ላይ የአካባቢው ሹም ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በፊቱ ስናልፍ ቀኝ እጃችንን ዘርግተን ወደ ላይ እናነሳለን፣ ፎቶግራፍ እንነሳለን፣ ከዚያ ታርጋ እንቀበላለን።

ከሮቢ ሦስት ሰዎች ተመዘገብን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሦስተኛው በየገበያው ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ፣ ከአርባ ዓመት ያለፉ የይፋት ሙስሊም ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር።

ዋዜማውን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን አደረሱን። ሲነጋ እጅ ማንሳት አለማመዱን። ፀጉር አስተካካዩ በአንድ እጅ መንዳት ስላልቻለ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

«አንተ፣ ምላጩን በአንድ እጅህ ትይዝ የለም እንዴ?» አሉት ጋሼ።

«ምላጩ ጎማ የለውማ!» አለ አፈሩን ከሱሪው እያራገፈ።

ጉዞው ደስ የሚል ነበር። ይህን የማልደብቀው እውነት ስለሆነ ነው። ደጋውን በብርድ አለፍን፤ ተራራውን የሚበሳውን መሿለኪያ ስንወጣ ደብረ ሲና ከእግራችን በታች በጉም ተሸፍና ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል፤ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ኮቴን አውልቄ ከኋላ አሰርኩ። ፍሬኑን ከመያዝ ብዛት ጣቶቼ ደነዘዙ። ከፊታችን ያሉት ነጮች ይዘፍኑ ነበር። እኛም ዝም አላልንም።

አርማንያ የምትባል መንደር ላይ ውሃ ለመጠጣት ቆምን። ከሮቢ የሚመጣ አንድ አህያ ነጂ ጋሼን ያውቃቸው ኖሮ ሰላም አላቸውና፣ «ዳሱን የት እንደጣሉት ሰምታችኋል?» አለ።

«ድልድዩ ጋ ነው ያሉን።»

«የለም። ከወርካው ስር ነው። ጥላ ፈልገው ነው አሉ።»

ጋሼ የያዙትን ውሃ ሳይጠጡ አስቀመጡት።

በዚያ የገበያ ወርካ ላይ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሦስት የቀወት ገበሬዎች ተሰቅለዋል። ጠመንጃ ደብቃችኋል ተብለው ነው። ሬሳቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። አንደኛው የጋሼ ጎረቤት ነበር።

«እኔ በዚያ ዛፍ ስር ተቀምጬ አላልፍም» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። በይፋት በለቅሶ ቤት ደጃፍ በበቅሎ ተቀምጦ የሚያልፍ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብስክሌት ነው፤ በቅሎ አይደለም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የተቀመጥክበት ገለባ ይብላ አይብላ ሟች አይጠይቅህም።»

«አምስት ልጅ አለኝ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አንተን ውረድ አላልኩም። ወላሂ አልቀየምህም።»

ወደ እኔ ግን አላዩም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

ከአርማንያ እስከ ሮቢ ባለው መንገድ ጉዳዩን አሰብኩበት። ብወርድ ታርጋው ይቀራል፤ ታርጋው ከቀረ ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ብስክሌቱ ከሄደ ባለሱቁ በማግስቱ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ይህ ሁሉ ግልጽ ነበር። በሌላ በኩል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዎቹ ሲሰቀሉ እዚያው ገበያ ነበርኩ። አይቼ ዞር አልኩ፤ ስኳሬንም በሰዓቱ አደረስኩ።

ሮቢ ስንገባ ሕዝቡ በትእዛዝ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ነጮቹ እጃቸውን እያነሱ አለፉ፤ ተጨበጨበ። ፀጉር አስተካካዩ ቀጠለ፤ መሪው እየተንቀጠቀጠ እጁን አነሳ፤ አልወደቀም። ጋሼ ወርካው ሃያ እርምጃ ሲቀረው ፍሬን ያዙና ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ሁለት እጃችንን መሪው ላይ አድርገን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ብስክሌታችንን እየገፋን በዳሱ ፊት አለፍን።

ሹሙ መጀመሪያ ደስ አለው። ለእርሱ ክብር የወረድን መስሎት ራሱን ነቀነቀ፤ ፎቶግራፍ አንሺውንም ጠራ። ከዚያ ሕዝቡን አየ። ጭብጨባው ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ያ የሐዘን አለባበስ ነው። ሙስሊሞቹ መዳፋቸውን ለዱዓ ከፍተዋል። ካንዲት አሮጊት በቀር ድምፅ ያሰማ የለም፤ እሳቸው «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይሉ ነበር።

አስተርጓሚው እየሮጠ መጣ። የጠየቀው ግን እኔን ነበር፤ ወጣቱ ይፈራል ብሎ ይሆናል።

«የወረዳችሁት ለእሳቸው ክብር ነው ወይ ይላሉ።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዎ በል፣ ወንድሜ። አዎ ብቻ። ታርጋህ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አየሁት። አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

«እዚህ ለተሰቀሉት ነው የወረድነው» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞሮ ተናገረ። ጣሊያንኛዬ ደካማ ስለነበር ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። የማውቀው ሹሙ ከወንበሩ መነሳቱን ነው።

ሁለቱ ብስክሌቶች እዚያው ተወሰዱ። እኔና ጋሼ ታስረን ሁለት ሳምንት ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈለጥን። ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ባለ ታርጋ ብስክሌቱን እየነዳ ምሳ ያመጣልን ነበር። አንድ ቀን ጋሼ፣ «አሁንስ በአንድ እጅ መንዳት ቻልክበት» አሉት፤ በሌላው እጁ የያዘው አገልግል ነበር። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመትም ጉዞው ተደረገ። የአገሬው ሰው እንዳይገባበት ታዘዘ። ባለሱቁ እንደጠበቅኩት ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር፤ እኔ ከጋሼ ጋር ጨው ተሸክሜ በእግሬ እስከ ማጀቴ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። ብስክሌት መንዳት እወድ ነበር፤ ማጣቴ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

«አዎ ብትል ምን ይጎድልህ ነበር? ወርደህ ነበር፤ ሕዝቡም አይቶ ነበር» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አዎ ብል ኖሮ ለሹሙ ወረደ ተብሎ ይጻፍ ነበር። አልወረድኩለትም።