ከሁለቱም ወገን የሚቆለፍ በር

ቁልፍ ሠሪው እንዲፈታው የተሰጠው ችግር ቀላል ይመስል ነበር፤ ከተማው ሲታመስ ምእመናኑ የሚጠለሉበትን የጸሎት ቤት በር ማንም ሰብሮ እንዳይገባበት አድርጎ መሥራት።

ስለ መቆለፊያ ትንሽ ላስረዳ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ተራው ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታል። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ የቁልፍ ሠሪው ሚስት አጎት፣ እጀታውን አልወደዱትም። «የደነገጠ ሰው ከውስጥ ከፍቶ ያስፈጀናል» አሉ። ስለዚህ እጀታውን አውልቆ በሁለቱም በኩል ቁልፍ የሚፈልግ አደረገው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ኪስ ውስጥ። ወፍራሙ የብረት ምላስ ግድግዳው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሚስቱ «ከእኔ ይልቅ በሩን ነው የምታየው» እስክትለው ድረስ ወዶት ነበር።

ዛሬ ተኩሱ መንገዳቸው ደረሰ። ሰዎቹ ገቡ፣ በሩ ተቆለፈ። መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፤ አየሩ ከብዷል። ሽማግሌው «በከተማው ላይ ፍርድ መጥቷል፤ እኛ መርከቡ ውስጥ ነን» ብለው ጸሎት ጀመሩ።

በሩ ተንኳኳ። ከበሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ነው፤ ሰባኪ ባየ ቁጥር የሚያሾፈው።

«ጎረቤት፣ እግሬን ተመትቻለሁ። ይሄን በር የሠራኸው አንተ ነህ አይደል? እጅህ ይባረክ፣ ንቅንቅ አይልም።»

ቁልፍ ሠሪው እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ከኋላው ማን እንዳለ ታውቃለህ? እዚህ ሕፃናት አሉ። የኖኅም በር አንዴ ተዘጋ፣ ለማንም አልተከፈተም።»

«የኖኅን የዘጋው እግዚአብሔር ነው። ይሄን የዘጋነው እኔና እርስዎ ነን።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ጨምድደው ያዙ።

መቀማት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ዞሮ በሩን አየው። በር እኮ የሚያዘው በሁለት ጎን ነው፤ በአንዱ መቆለፊያው፣ በሌላው ማጠፊያዎቹ። በማጠፊያው መሐል ያለች ዘንግ ከወጣች በሩ በዚያ ጎን ይላቀቃል። ማጠፊያዎቹን ደግሞ ሌባ እንዳይነካቸው ብሎ ራሱ ወደ ውስጥ አድርጓቸዋል። ቶሎ ካልመለሰው ግን ቤቱ ያለ በር ይቀራል።

የመሣሪያ ቦርሳው ሱቅ ቀርቷል። የማንኪያ እጀታ ከላይኛው ዘንግ ሥር አስደግፎ በጫማ ተረከዝ መምታት ጀመረ።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለ ወደ ውጭ።

«አትቸኩል፣ የምሄድበት የለኝም።» የልብስ ሰፊው ድምፅ አሁን ከመሬት አጠገብ ነው የሚመጣው።

የላይኛው ዘንግ ወጣ፤ የመካከለኛውም። የታችኛው በቀለም ተጣብቋል፤ እንዲያምር ብሎ የቀባው እሱ ነው። ሚስቱ የጸሎቱን ዘይት ከመድረኩ አምጥታ አፈሰሰችበት። ሽማግሌው አይተዋል፤ አልከለከሏትም። አሁን ቁልፍ ሠሪው ተንበርክኮ፣ ማንኪያውን ከዘንጉ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ እየገፋ ነው።