በጥፊ የሚሠራ ዳሽቦርድ

ኤልሳዕን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ሰውዬው በገዛ እጁ ሥራ አያምንም። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ዕቃ ሲጠግን ኖሯል፤ ግን ጠግኖ ሲያበቃ «እስቲ አንተ ደግሞ እየው» ሳይል አያስረክብም። ላቦራቶሪውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን «ዘግቼዋለሁ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃታል። ኧረ ምኑ ቅጡ! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ትክክለኛውን መልስ አጥፍቶ የጎረቤቱን ስህተት የገለበጠ ሰው ነው። ይህን ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ሳቁ ግን ያሳዝናል።

መኪናው አሮጌ ኮሮላ ናት። ኮረኮንች መንገድ ከነካች ዳሽቦርዷ ያብዳል። የፍጥነቱ ቀስት ዜሮ ላይ ይተኛል፣ የቤንዚኑ ይወድቃል፣ የሙቀቱ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ተወርውሮ ቀዩ መስመር ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ ጥፊ ነበር። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ዳሽቦርዱን ጧ ሲያደርገው ሁሉም ቀስት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሚስቱ ሰገነት በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ተክናበታለች፤ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ ነው የምታጮለው። መኪናዋን ያየው መካኒክ «ይሄ አይጠገንም፣ ሙሉውን መቀየር ነው፤ እንዳትነካካው» ብሎት ነበር። ኤልሳዕም እሺ አለ። እሱ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?

ረቡዕ ዕለት ከሃላሌ ስልክ ተደወለ። የሰገነት እናት እማማ ትዕዛዝ እዚያ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ የልጅ ልጃቸውን ባርኮትን በእጃቸው ዳበሷት እንጂ አይተዋት አያውቁም። የጤና ባለሙያው እንደነገራቸው የዓይን ሐኪሞች ቡድን ሶዶ መጥቷል፣ በነጻ ይሠራል፣ ምዝገባው ግን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ሰገነት ከሥራ ስትመለስ ዳሽቦርዱ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ጠበቃት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ቤንዚኑን ሳላይ በዚያ መንገድ ልነዳ? ልየው ብዬ ነው።»

«ነገ እናቴን ልናመጣ ዛሬ መኪና ትፈታለህ? አይጠገንም አላለህም?»

«ብሎኛል። ግን ነይ፣ እዪው።»

ከላቦራቶሪ ያመጣውን ማጉሊያ መነጽር ሰጣት። ቀስቶቹን ከሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ቦርድ ጀርባ፣ የቀጫጭን ብረቶቹ ጫፍ በመበየጃ ሊድ በተያዘበት ቦታ ሁሉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። አሥራ አንድ ቦታ ቆጥሯል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የተሰነጠቀው ይለያያል፣ ጥፊው ደግሞ መልሶ ያገናኘዋል። በሽታው ይኸው ነበር።

መበየጃውን ሰካ። ጫፉ ሲግል አሮጌውን ሊድ እያቀለጠ አነሳና አዲስ ጨመረ። አንዲት ጠብታ ወደ ጎን ብትፈስ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ብረቶች ይጣበቁና ቦርዱ ያበቃለታል። ሰገነት ልትጮህበት አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ እጁን ብታስደነግጠውስ? ዘጠነኛው ላይ የመበየጃው ጫፍ አመለጠው። ሊዱ ፈሰሰ። ኤልሳዕ ጠብታዋን መልሶ አነሳትና ያንኑ ቦታ እንደገና በየደው። ሁለት ጊዜ የነካው እሱን ብቻ ነው፤ ልቡም እዚያው ቀረ።

መኪናዋ ላይ መልሶ ገጣጥሞ ቁልፉን ሲያዞር ቀስቶቹ ሁሉ ተነሡ።

«ይቆያል?» አለች ሰገነት።

«እንጃ።»

«እንጃ! የሠራኸው አንተ፤ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ዓርብ ሃላሌ ድረስ አንድም ቀስት አልጨፈረም። የሰገነት እጅ ከልማዱ እየተነሣ ይመለስ ነበር። ኤልሳዕ ግን ጉድጓድ ባለፉ ቁጥር ዳሽቦርዱን እየሰረቀ ያያል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እማማ ትዕዛዝን ከኋላ አስቀምጠው ለመመለስ ተነሡ።

አራት ሰዓት ሲሆን፣ ዳገቱ ላይ፣ የሙቀቱ ቀስት መነሣት ጀመረ። ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀዩን ነካ። ሰገነት አላመነታችም፤ ጧ! ቀስቱ ፍንክች አላለም። ደገመችው። ሠለሰችው። እዚያው ቀይ ላይ።

«ይኸው! ጠገንኩ ብለህ ጭራሽ ገደልከው! ድሮ በጥፊ እንኳ ይመለስ ነበር!»

ዘጠነኛው ነው፣ አለ ልቡ፤ ያ ሁለት ጊዜ የነካሁት። እንፋሎት የለም፣ የሚሸት ነገር የለም። ሶዶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይቀራቸዋል። ቀስቱ ውሸታም ሆኖ እሱ መኪናዋን ካቆመ፣ በእሱ ብየዳ ምክንያት የአሮጊቷ ዓይን ቀረ ማለት ነው። ቀስቱ እውነተኛ ሆኖ እሱ ከነዳ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ዓይኑም ይቀራል።

«ንዳ እንጂ! ምን ታያለህ?»

እግሩ ሊታዘዛት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ቁጭ አለ። በጥፊ የሚመለሰው እኮ የላላ ስለነበር ነው። አሁን ተመትቶም የማይነቃነቀው ብየዳው ስለያዘ ነው። ብየዳው ከያዘ ደግሞ ቀስቱ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ነው። ፍሬን ያዘ፣ ዳር አወጣት፣ ሞተሩን አጠፋ።

ሰገነት አለቀሰች። ንዴትም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር። «እናቴን ነው የምታጠፋብኝ! የእናቴን ዓይን!»

«ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?» አሉ እማማ ትዕዛዝ በወላይትኛ።

«መኪናዋ ሞቃለች እማማ» አለ ኤልሳዕ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉት።

በሕይወቱ ሙሉ ይህን ጥያቄ አዎ ብሎ መልሶት አያውቅም።

«አዎ» አለና በሩን ከፍቶ ወረደ።

ኮፈኑን ሲከፍት ምንም የለም። ጭስ የለም፣ እንፋሎት የለም። ወይ ጣጣዬ! ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታች አየ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ጎማ ማሰሪያው ላልቶ ውሃው በብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ ወርዷል። ዳገቱን እስከ ጫፍ ቢነዳት ኖሮ ሞተሯ ያበቃለት ነበር።

«ሰገነት፣ ውሃ!»

ሰገነት ጫማዋን አውልቃ ወደ ታችኛው ቤት ሮጠች፣ አንድ ጄሪካን ውሃ ለምና ተሸክማ መጣች። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈትም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ነበረባቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ! ሁለቱም የኤልሳዕ የእጅ ሰዓት ላይ አፍጥጠው ቆሙ። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ውሃውን ሞላ፣ አስነሣ። ቀስቱ ወርዶ መሐል ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሰገነት ዳሽቦርዱን አልመታችም። ዳገት በመጣ ቁጥር «ስንት ላይ ነው?» ትላለች፣ እሱም ይነግራታል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ሰንሰለቱን እያሠረ ሳለ ደረሱ።

«ምዝገባ አልቋል፤ ስድስት ሰዓት ሞልቷል።»

ኤልሳዕ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ወንድሜ።»

ሰገነት ባሏን አየችው። ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ «ይሆናል» ብሎ ይመለሳል።

«የእኔ ሰዓት ልክ ነው» አለ ኤልሳዕ። ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ስልክህን አውጣና እይ።»

ዘበኛው ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ ኪሱ መለሰው። አንዴ ኤልሳዕን፣ አንዴ በልጃቸው ክንድ የተደገፉትን አሮጊት አየና ሰንሰለቱን ፈታ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእማማ ትዕዛዝ ቀኝ ዓይን ተሠራ።